የትርንጎ መሶብ

ልጆቹ ያዙኝ፤ ንገሪን አሉ። የልጄ ልጅ ሰላም ከትምህርት ቤት አንድ ጥያቄ ይዛ መጥታ፣ «እማማ፣ ጥበብ መሥራት የሚችለው ሰው ሁሉ ነው ወይስ የተመረጠ ብቻ? ለሰውስ ምን ይጠቅማል?» አለችኝ። ታናናሾቿም ተከትለዋት መጡና አልጋዬ ጠርዝ ላይ ተደረደሩ። እኔ ፊደል አልቆጠርኩም። እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲመጣብኝ ያየሁትን ከማውራት በቀር ሌላ መልስ የለኝም። እሺ፣ እኔ ላውራ አንቺ ጻፊ አልኳት። ወሬዬ መንገድ ከሳተ ጎትታችሁ መልሱኝ፤ እኔ ገበያ ስሄድም ቀጥ ብዬ ሄጄ አላውቅም፣ የማውቀው ሰው ቤት ሁሉ ጎራ ሳልል አልደርስም።

ልጅ እያለሁ፣ በጃንሆይ ጊዜ፣ ቤታችን ከቆቦ ወደ ሮቢት ሲሉ ከመኪናው መንገድ ወረድ ብሎ ነበር። ፀሐይ ከዞብል ተራራ ጀርባ ብቅ ካለች ገና ከማለዳው ትፋጃለች። ኅዳርና ታኅሣሥ ግን ደስ ይሉ ነበር። ማሽላው ይቆረጣል፣ አገዳው ይከመራል፣ እኛ ልጆች ጥንቅሽ እየመረጥን ስናኝክ ከንፈራችን በልጣጩ እየተቆረጠ፣ ጣፋጩ ውሃ አገጫችን ላይ ደርቆ ዝንብ ሲከተለን ይውላል። ያ የአገዳ፣ የደረቀ ቅጠልና የአቧራ ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የጭነት መኪና ድምፅ ከሩቅ ከሰማን ጥንቅሹን ጥለን ወደ መንገዱ እንሮጣለን። ሾፌሩ እጁን ካወጣልን ያን ቀን ሙሉ እሱኑ ስናወራ ነው።

እኔ ግራኝ ነበርኩ። ዛሬ ግራኝነት ለልጆቼ ምናቸውም አይደለም፤ ያኔ ግን በግራ እጅ አይበላም፣ ከሰው እጅ ዕቃ አይቀበሉበትም። ገበታ ስንቀርብ አባቴ ግራ እጄን በጨርቅ ከጉልበቴ ጋር ያስርልኝ ነበር፤ አጥብቆ አይደለም፣ ሰው እንዳይታዘበው ያህል ነው። ጓደኞቼ ደግሞ ግጥም አውጥተውልኝ ነበር፦

«ሙሉ ግራኟ ገበያ ብትሄድ፣
ቆቦ ነው ትላለች ዋጃ ላይ ስትወርድ።»

ስሜ ሙሉ ነው። ግጥሙ ሲወርድ እኔም አብሬ አጨበጭብ ነበር፤ ጥሩ ግጥም ነበራ። ቅልልቦሽ ስንጫወት ግን በዚያችው በግራዬ ጠጠሩን ጠራርጌ እወስድባቸዋለሁ፤ ያን ጊዜ ማንም አይዘፍንም።

እናታችን የሞተችው እኔ ገና ዳዴ ስል ነው። ያሳደገችኝ እህቴ ትርንጎ ናት። የምትበልጠኝ በሰባት ዓመት ቢሆንም ስታዝለኝ፣ ስታጥበኝ፣ ራሴን ስትሠራኝ እናት ነበረች። ስሟን ጠርቼ አላውቅም፣ እታለም ነው የምላት። ጣቴን ሹሩባዋ ውስጥ ካልከተትኩ እንቅልፍ አይወስደኝም ነበር። እኔ አሥር ዓመት ሲሆነኝ ከዋጃ ሽማግሌ ተላከ፤ አባቴም እሺ አለ። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ። ሰው እልል ሲል እኔ ያገኘሁትን ሰው ሁሉ ዋጃ ሄዶ ለመመለስ ስንት ቀን እንደሚፈጅ ነበር የምጠይቀው።

ወደ መሶቡ ልምጣ። በእኛ መንደር ሴት ልጅ ስትዳር መሶቧን ራሷ አትሰፋም። ጎረቤትና ዘመድ በየቤቱ አንድ አንድ ዙር ይሰፋላታል። አንድ ዙር ስል መሶቡን የሚከብ፣ ሁለት ጣት የሚሰፋ ቀለበት ማለቴ ነው። የአንዱ ቤት ቀይ፣ የሌላው አረንጓዴ፣ የሌላው ሐምራዊ፤ ጥለቱም የየቤቱ ነው። መሶቡ አማቶች ቤት ሲደርስ ሴቶቹ ከበው ዙሩን ይቆጥራሉ። ስንት ዙር እንዳለ አይተው ስንት ቤት ከኋላዋ እንዳለ ያውቃሉ። ይቺ ልጅ ብትበደል ስንት ሰው ብድግ እንደሚል በዚያ ይታወቃል። ወገቡ ላይ የሚውለው ዙር ደግሞ የሙሽራዋ የራሷ ቤት ዙር ነው። እናት ትሰፋዋለች፤ እናት ከሌለች እህት። እንግዲህ በእኛ ቤት ከትርንጎ ሌላ የነበርኩት ሴት እኔ ብቻ ነኝ።

ሠርጉን ልታሰናዳ የአባቴ እህት፣ አክስቴ ደብሬ፣ ከሮቢት መጣች። የታወቀች ስፌት ሰፊ ናት፤ የሰፋችው ዕቃ ውሃ ቢሞላበት አያፈስም ይባልላት ነበር። የስፌቱን ሣር፣ አክርማና ስንደዶውን፣ ደገኞች በአህያ ጭነው ገበያ ያወርዱታል፣ ቀለሙ ከሱቅ በማንኪያ ተሰፍሮ ይመጣል። ግቢያችን ውስጥ በድስት እየፈላ ሲነከር ሽታው የዛገ ብረት ይመስል ነበር። ነክረው ያሰጡት አለላ አጥሩ ላይ ሲደርቅ ከሩቅ የሚያይ ሰው አጥራችን ያበበ ይመስለዋል። የሰፈሩ ልጃገረዶች በተራ እየመጡ ከዳሱ ሥር ተቀምጠው ይሰፋሉ፣ ያማሉ፣ ይሳሳቃሉ። ከሁሉ የብርቅነሽ እጅ ይለይ ነበር። የሩቅ ዘመዳችን ልጅ ናት፤ ወስፌውን ስትወጋ ዓይኗ ሌላ ቦታ ነው፣ ስፌቱ ግን እንደ ተቆጠረ ጥርስ እኩል እኩል ይወጣል። ወሬዋም እንደዚያው ነበር።

ችግሬ ምን መሰላችሁ። መሶብ ከመካከሉ ይጀመራል፤ ሣሩን በአለላ እየጠቀለሉ፣ በወስፌ እየወጉ፣ እየዞሩ እየዞሩ ወደ ላይ ያሳድጉታል። ቀኝ እጅ ሲሰፋ ዙሩ ወደ አንድ ወገን ይሄዳል፣ ግራ እጅ ሲሰፋ ወደ ሌላው። ብቻዬን ስሰፋ ይሄ ምንም አልነበረም፤ የጨው መያዣ ሰፍቼ አውቃለሁ፣ ማንም ግራኝ ሰፋው ቀኝ ሰፋው ብሎ አልጠየቀም። ሌላ ሰው የጀመረውን ልቀጥል ስል ግን እጄና ዙሩ ይጋጫሉ። ዙሩ ወደዚህ ና ይላል፣ እጄ ወደዚያ ይሄዳል። በቀኜ ሞከርኩ፤ ወስፌው ጣቴን ወጋኝ እንጂ ሣሩን አላገኘውም።

መሶቡ ወገቡ ጋ ሲደርስ አክስቴ የቤታችንን ዙር እኔ እሰፋዋለሁ አለች። በማግስቱ ቀለም አንሷቸው አክስቴና ልጃገረዶቹ ገበያ ሲሄዱ ጠብቄ መሶቡን ከተሰቀለበት አወረድኩና ወደ ራሴ ወገን፣ ወደ ኋላ፣ መስፋት ጀመርኩ። እስኪመለሱ ድረስ ሩብ ያህሉን ከብቤዋለሁ። እየሰፋሁ ሳለ ያማረ መስሎኝ ነበር፤ እያፏጨሁ ነበር እንኳ። አክስቴ መሶቡን ወደ ፀሐይ ስታነሳው ግን እኔም አየሁት። ከሥር የመጣው ጥለት በሙሉ ወደ ቀኝ ያዘነበለ ነው፣ የእኔ ወደ ግራ። የተገናኙበት ቦታ ደረጃ ሠርቶ ወጥቷል።

«ይሄ ምንድነው?» አለች አክስቴ፣ «እባብ ነው የሄደበት?»

«ሙሉ ናት» አለች ብርቅነሽ፣ «ወደ ቆቦ ልትሄድ ዋጃ ወርዳለች።»

ልጃገረዶቹ በሳቅ ተንከተከቱ። አክስቴ ግን አልሳቀችም። ቁጭ አለችና መተርተር ጀመረች። ስፌት ሲተረተር ድምፅ አለው፤ ጥርር፣ ጥርር ይላል። ያን ድምፅ የሰማች ሴት ሁሉ ታውቀዋለች። «እጅ ከፈጣሪ ነው ሆዴ» አለችኝ ሳትቆጣ፣ «ለአንዱ ይሰጣል፣ ለአንዱ አይሰጥም። እህትሽ እናት የላትም። መሶቧ ጠማማ ሆኖ ከሄደ፣ ድሮስ ማን አሳደጋትና ይሏታል። አንቺ ይሄን ትፈልጊያለሽ?» አልፈልግም። ያም ነበር ያስለቀሰኝ። እውነቷን ነው፤ ትርንጎ እንድትሰደብ አልፈልግም። ግን ትርንጎ ስትሄድ ከእኔ ምንም ሳይዝላት ባዶውን የሚሄድ መሶብም አልፈልግም።

የተተረተረውን አለላ ጨብጬ እትዬ ዘሀራ ቤት ሄድኩ። እትዬ ዘሀራ እስላም ጎረቤታችን ናት፤ ባሏ ከአፋሮች ዘንባባ እየገዛ ያመጣላታል፣ እሷ ሰሌን እየሠራች ትሸጣለች። ደጇ ካለው የቁርቁራ ዛፍ ሥር ተቀምጣ እየጎነጎነች ነበር። አየችኝና፣ «ምነው፣ ፊትሽ እንደ ደረቀ ኩሬ ተሰነጣጠቀ?» አለች። ነገርኳት። ምንም አላጽናናችኝም። የሰሌኑን ጫፍ ወርወር አደረገችልኝና፣ «በይ ፊት ለፊቴ ቁጭ በይና ያዥልኝ፤ ለሁለት ቶሎ ያልቃል። አንቺ በስመ አብ በይ፣ እኔ ቢስሚላህ እላለሁ፤ ሰሌኑ አይጣላም» አለችኝ።

ፊት ለፊቷ ተቀምጬ መጎንጎን ጀመርኩ። እሷ በቀኟ፣ እኔ በግራዬ። ቁርቁራው አልፎ አልፎ ፍሬውን ራሳችን ላይ ያንጠባጥባል። ጥቂት እንደ ሄድን ዓይኔ እጆቻችን ላይ አረፈ። የእሷ ቀኝና የእኔ ግራ በአንድ ወገን ናቸው፤ ሁለቱም ወደ ቁርቁራው ግንድ ይሄዳሉ። ፊት ለፊት ስለተቀመጥን ነዋ። ጉንጉኑ አልተጋጨም። እጄን አቆምኩ። ከዚህ ማዶ ሆኜ ብሰፋስ? መሶቡን ከውጭ ሳይሆን ከውስጥ ብሰፋውስ? እትዬ ዘሀራ ቀና ብላ፣ «ምነው ደረቅሽ?» ስትለኝ ሰሌኑን ጥዬ ሮጥኩ። እሷም «ይቺ ልጅ አበደች» እያለች ተከተለችኝ።

አክስቴ ሰምታኝ ስትጨርስ ራሷን ነቀነቀች። «ከውስጥ ከተሰፋ ዙሩ ይገጥማል፣ እሺ። ግን ፊቱ ወደ ውስጥ ይሆናል፣ ከውጭ የሚታየው ጀርባው ነው። ፊቱን ማን ሊያይልሽ ነው? እንጀራው?»

«እንጀራውስ ቢያይ ምን ይላል» አለች ብርቅነሽ፣ «ከዘላለም ጨለማ ይሻለዋል።»

እትዬ ዘሀራ ትንፋሿን እየሰበሰበች፣ «ደብሬ፣ የሰው ጀርባስ ሰው አይደለም?» አለች። «ዙሩን የሚቆጥር ይቆጥረዋል። ጠማማ አይሁን እንጂ።»

«አንቺ ደግሞ የሰሌን ሥራ መሰለሽ፣ ዘሀራ። ሰሌን ይተኙበታል፣ መሶብ ይታያል።»

«የሚተኙበትንማ የሚያውቀው ጎን ነው» አለች ዘሀራ።

እንዲህ ሲባባሉ ከመጋረጃው ኋላ ድምፅ መጣ። ትርንጎ ናት። ሙሽራ ሠርጓ ከደረሰ ከመጋረጃ ወጥታ አትናገርም፤ ድምፅዋን ከሰማን ሰንብተን ነበር። «አክስቴ» አለች ቀስ ብላ፣ «የቤታችን ዙር የሙሉ ይሁንልኝ።» አክስቴ መሶቡን አየች፣ እኔን አየች፣ ከዚያ ወስፌውን በእጄ አስያዘችኝ። በግራ እጄ ነው ያስያዘችኝ። «ካላማረ እተረትረዋለሁ» አለች።

ሁለት ቀን ሙሉ ራሴ መሶቡ ውስጥ ነበር። ልጃገረዶቹ «መሶቡ ሙሉን ዋጣት» እያሉ ይስቃሉ፤ ሳቃቸው ከሩቅ፣ ከውሃ ሥር እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል። ውስጡ ሣርና ቀለም ቀለም ይሸታል፣ ይሞቃል፣ ብርሃንም አይገባው። አለላዬ አንድ ጊዜ የተተረተረ ስለሆነ ቀለሙ ለቋል፤ ቀይ ነው ቢሉ ቀይ አይደለም። ስለዚህ ለዓይን አልደከምኩም። አንዱን በሰፋሁ ቁጥር በአውራ ጣቴ አሸዋለሁ፤ ቢቆረቁረኝ ፈትቼ እደግመዋለሁ። የትርንጎን ሹሩባ በጨለማ እንደምዳብሰው ነበር። ከዚህ መሶብ ጋር እጄም አብሯት ይሄዳል እያልኩ ለራሴ አወራለሁ፤ ደክሞኝም አላውቅ።

ዙሩ ሲገጥም አክስቴ መሶቡን ተቀበለችኝ። ወደ ፀሐይ አነሳችው፣ አዞረችው፣ መዳፏን ከውጭም ከውስጥም አስኬደችበት። እኔ የመተርተሪያውን ድምፅ እጠብቃለሁ። መሶቡን ለብርቅነሽ አቀበለቻትና፣ «ቀጥዪ» አለቻት። ከዚያ ወዲያ ብዙ ሰው አመስግኖኝ ያውቃል፤ እንደዚያች «ቀጥዪ» ግን ሆዴን ያሞቀችው የለም።

ጥር ላይ ትርንጎ በቅሎ ላይ ተቀምጣ ወደ ዋጃ ሄደች። መሶቡ በነጠላ ተጠቅልሎ ከኋላዋ ተያዘ። አሥራ አንድ ዙር ነበረው፤ የእትዬ ዘሀራም አንዱ ነው። አጃቢዎቹ ሲመለሱ አክስቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ መሶቡ ነበር። ሴቶቹ ዙሩን ቆጥረው እልል አሉ፣ አማቲቱ ግን እንደ ተቀመጡ መሶቡን ታቅፈው ለረጅም ጊዜ ሲዳብሱት ቆዩ፣ ለእኛም ምንም አላሉን አሏት። አክስቴ ተከፋች። «ምን ጉድለት አግኝተውበት ይሆን?» ስትል ሰነበተች። ወደ እኔ ባታይም ስለ እኔ ዙር እንደምታስብ አውቅ ነበር። እኔም ትንሽ ፈርቼ ነበር፤ ግን ልጅ አይደለሁ፣ ማሽላው ተወቅቶ ገለባው ላይ መንከባለል ሲጀመር ረሳሁት።

እንግዲህ ሰላም፣ ጥያቄሽን አልረሳሁም። ሁሉም እኩል ይችላል አልልሽም። የብርቅነሽ እጅ የብርቅነሽ ነበር፤ እኔ መቶ ዓመት ብሰፋ እንደሷ አልሰፋም። ያኔ ግን የእሷ እጅ ስላማረ አንቺ ተይው የሚባል አልነበረም። መሶቡን ሁሉንም ዙር እሷ ብትሰፋው ይበልጥ ያምር ነበር፤ ግን የአንድ ሰው ዕቃ ይሆን ነበር እንጂ ለትርንጎ ወገን አይሆናትም። ዛሬ ቆቦ ገበያ ብትወጪ የተሰፋ መሶብ ተደርድሮ ታገኛለሽ፤ መርጠሽ፣ ተከራክረሽ፣ ባጃጅ ላይ ጭነሽ ትመለሻለሽ። ቆንጆ ነው፣ አልነቅፈውም፤ እኔም አለኝ። ማን እንደሰፋው ግን አላውቅም፣ የሰፋችውም ሴት ማን እንደሚበላበት አታውቅም። አንቺም በስልክሽ ስዕል ትሠሪና፣ «እማማ፣ ይሄ ምንም አይደለም፣ እኔ አርቲስት አይደለሁም» ትይኛለሽ። ያኔ እንዲህ ያለ ስም አልነበረም። መስፋት ነበር፣ መጎንጎን ነበር፣ ግጥም ማውጣት ነበር፤ ተራሽ ሲደርስ ትሠሪያለሽ፣ ካላማረ ይተረተራል፣ እንደገና ትሠሪያለሽ። ደስ የሚለው ያ ተራ ነበር።

የአማቷ ነገር ግን ይቅርታ፣ ይሄን የሰማሁት ብዙ ዘመን ካለፈ በኋላ ነው፤ እኔም ትርንጎም ሽበት ካበቀልን፣ እሷም ለክርስትና እኔ ቤት መጥታ ከጎኔ ከተኛች ወዲያ። ሴትዮዋ እኔ ዋጃን ሳላያት ሞተዋል። ለካስ ዓይናቸው አያይም ኖሯል። ሞራ ጋርዷቸው፣ ኩሩ ስለነበሩ ቤቱን በእርምጃ ቆጥረው እየሄዱ ከእንግዳ ይደብቁት ነበር፤ ትርንጎም የባሏን ቤት ገበና አላወጣችም። የዚያን ዕለት መሶቡን ሲዳብሱት የቆዩት ለዚያ ነው። የአሥራ አንዱን ቤት ቀይና አረንጓዴ አንዱንም አላዩትም። እጃቸውን ወደ ውስጥ ሰደው፣ የሌላውን ዙር ሻካራ ጀርባ አልፈው፣ ወገቡ ጋ ልስልሱን ፊት ሲያገኙ ቆሙና ሰው ከሄደ በኋላ ትርንጎን «ይቺ ማን ናት?» አሏት። «ታናሽ እህቴ ናት» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ እስኪሞቱ ድረስ አራት ዓመት፣ በየጠዋቱ እጃቸውን መሶቡ ውስጥ ያስገባሉ፤ እንጀራው ከእኔ ዙር ዝቅ ብሎ ሲያገኙት፣ «ትርንጎ፣ እህትሽ ብቅ ብላለች፤ አቡኪ» ይሏት ነበር።